ያልተጠራንበት ድንኳን

እናቴ «ለፋሲካ አገሬ መልሺኝ» ያለችኝ በታኅሣሥ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ምንም» አለች። እናቴ «ምንም» ካለች ብዙ ነገር አለ ማለት ነው። ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ፣ ለአረጋውያን በተሠራ ሕንፃ ውስጥ የራሷ ቤት አላት፤ ማሞቂያው ይሠራል፣ ሊፍቱ ይሠራል፣ ከመስኮቷ ተራራው ይታያል። እኔም ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቼ ብርዱ ነው ብዬ ደመደምኩ። መድኃኒቱም ቀላል መሰለኝ፦ ባሕር። በጥር ከዴንቨር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በትልቅ የመዝናኛ መርከብ አድርጌ ወደ ሜክሲኮ ይዣት ሄድኩ። ሐሳቧን ካስቀየርኳት እሰየው፣ ካልሆነ ቲኬቷን እቆርጥላታለሁ አልኩ።

መርከቡ አንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ የቆመ ዕለት ፕሮግራሙን ስልኬ ላይ በደቂቃ ከፋፍዬ ይዤ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ወለሏ መስታወት በሆነ ጀልባ ዓሣ ማየት፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ አሸዋ ላይ ጋደም ማለት፣ አሥር ሰዓት ላይ ወደ መርከብ።

እናቴ ለባሕር የለበሰችው ለቅዳሴ የምትለብሰውን ነው፤ ነጭ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ከሥር እኔ የገዛሁላት የሩጫ ጫማ። ከመርከቡ የወረደው ሕዝብ ልብሱን እያወለቀ ወደ ውሃው ሲሮጥ እሷ ጭራሽ ተከናነበች።

«እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?»

«ፀሐይ ሊሞቁ ነው።»

«ለብሰው አይሞቁም?»

ሰዓቴን አይቼ ክንዷን ያዝኩ።

በአቋራጭ ወደ ጀልባዋ ስንሄድ ነው ድንኳኑን ያየችው። አንድ ግቢ በር ላይ፣ የመንገዱን ግማሽ ዘግቶ ተተክሏል። ከሥሩ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ወንዶች ጥግ ይዘው ቆመዋል፤ ሴቶች ትልልቅ ድስት ተሸክመው ይወጣሉ ይገባሉ። አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ሙዚቃ የለም።

እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«እማዬ፣ አይሆንም» አልኳት።

«ለቅሶ አይታለፍም።»

«አናውቃቸውም እኮ!»

«ሟቹም አያውቀንም። ምን ችግር አለው?»

«የጀልባዋን ቱር ቡክ አድርጌያለሁ፤ ያመልጠናል። ደግሞ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሆንብናል።»

«ተጠርቶ ለቅሶ የሚኬደው የት አገር ነው?» ብላኝ ገባች።

ምን ላድርግ? ቁምጣዬን ወደ ታች እየጎተትኩ ተከተልኳት። ግድግዳው ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ስታይ ልቧ አረፈ። የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጇ ይዛ «እግዜር ያጽናዎት» አለቻቸው። ሴትዮዋ ግራ ተጋብተው ትንሽ አዩዋት፤ ከዚያ ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላት። ለእኔም ሌላ ወንበር መጣ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። እኔም የባሕር ባርኔጣዬን አውልቄ አንገቴን ደፋሁ። አጠገባችን ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩና እነሱም በአክብሮት ዝም አሉ። ድንኳኑ አሁን የእውነት ለቅሶ ቤት መሰለ። ሩዝና ዶሮ ሲቀርብላት እናቴ እንደ ወጉ ሁለቴ እምቢ ብላ በሦስተኛው ተቀበለች።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንዳዘንን አንድ ፒክአፕ መጥቶ ቆመ። ከኋላው ባለ ሦስት ደርብ ሮዝ ኬክ ወረደ፤ አስከትሎም ድምፅ ማጉያ። ከቤት ውስጥ፣ በሩ የጠበባት ሮዝ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ብቅ አለች። የሴትዮዋ የልጅ ልጅ ናት፤ በእነሱ አገር እንደ ሠርግ የሚደገስለት፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ቀን ነው። ሴትዮዋ ለካ ሽንኩርት ሲከትፉ ቆይተው ነው።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ ግን ነጠላዋን ገልብጣ አስተካከለችና ቀና ብላ እልልታውን አቀለጠችው። የግቢው ጭብጨባ አይጣል ነበር። ልጅቷ እየሳቀች መጥታ አቀፈቻት፣ ዘፈን በተቀየረ ቁጥርም እልል ታስብላት ጀመር።

ጀልባዋ ሄደች። አሸዋውን አልረገጥነውም። እናቴና ሴትዮዋ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዷ በስፓኒሽ አንዷ በአማርኛ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ሲያወሩ ዋሉ። ጉልበታቸውን እየመቱ ስለሚያሳዩ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

መርከቡ ሊነሳ አርባ ደቂቃ ሲቀረው በግድ ጎትቼ አወጣኋት። መንገዱን ሙሉ ተነጫነጭኩ።

«ዓሣ ሳታዪ፣ ባሕሩን እንኳ ሳትነኪ! ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ አገር አቋርጠን የመጣነው?»

«አሜሪካ ከመጣሁ ሳልደውል የገባሁበት ቤት ይሄ ብቻ ነው» አለች።

«እኔ ቤትስ?»

«አንቺ ቤትማ ደውዬ ነው።»

ቅሬታ የለበትም አነጋገሯ፤ የባሰው እሱ ነው። እውነቷንም ነው። ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ ቀን እተኛለሁ። አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ እኔ የምኖርበት ሴንቴኒያል ድረስ አምጥታት በሬን ስታንኳኳ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ ከፈትኩና «እማዬ፣ ስትመጪ ቀድመሽ ደውይ እንጂ» አልኳት። አንዴ ነው ያልኩት። ብርድ ነው፣ መሰልቸት ነው እያልኩ ባሕር ድረስ ያንከራተትኳት ራሴ በዘጋሁት በር ምክንያት ነው። አፈርኩ።

ኮሎራዶ እንደገባን የቤቴን ቁልፍ አስቀርጬ ሰጠኋት። «ብተኛም ባልተኛም፣ በፈለግሽ ሰዓት ከፍተሽ ግቢ» አልኳት። ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። በሳምንቱ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ስልክ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ።

«ምነው እማዬ፣ የት ነሽ?»

«በርሽ ላይ ነኝ። ቁልፉን ይዤዋለሁ፤ ልግባ?»