ለቅሶ ቤት የሚሄደው ላፕቶፕ

ስለ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ይህን ያህል ወረቀት ማባከን ተገቢ መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የዶርም ጓደኞቼ ስለ ምን እንደምጽፍ ሲጠይቁኝ አፍሬ «ስለ አጎቴ» ብዬ አልፌያቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ዕቃው ታሪክ አይገባውም ነበር፤ የሚገባው የዕቃ ቤት ጥግ ነው። ነገር ግን መሰናዶ ከገባሁበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴ ድረስ ቅዳሜና እሑዶቼን የበላው እሱ ስለሆነ፣ ሌላ የምጽፈው ትዝታ ብፈልግም አላገኘሁም።

አጎቴ ሆሳዕና ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ላፕቶፑን የሰጧቸው ወደ አገራቸው የሚመለሱ አንድ የውጭ አገር ካህን ነበሩ። ካህኑ ለምን ይዘውት እንዳልሄዱ አጎቴ አንድም ቀን አስበው አያውቁም። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን ገብቶኛል። ዕቃው ወፍራም፣ ጥቁርና ከባድ ነበር። ሲከፈት ማጠፊያው እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። ማብሪያውን ተጭኖ ወደ ውጭ የወጣ ሰው ሻይ ጠጥቶ፣ ሰላምታ ተለዋውጦ ሲመለስ ገና እየተነሳ ያገኘዋል።

አጎቴ በዚህ ዕቃ የሚሠሩት አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ የሟቾችን የሕይወት ታሪክ መጻፍ። በእኛ ከተማ ካቶሊኩም ሆነ ፕሮቴስታንቱ ሲሞት፣ ከመቀበሩ በፊት የሕይወት ታሪኩ ለለቀስተኛው ይነበባል። በሠፈራችን የሚጽፉትም የሚያነቡትም አጎቴ ነበሩ። ሌላው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጽፎ ይመጣል። አጎቴ ግን ላፕቶፑን ይዘው ለቅሶ ቤት ድረስ ይሄዱና፣ ከቤተሰቡ መካከል ተቀምጠው እየጠየቁ ይጽፋሉ፤ ሲጨርሱ ከስክሪኑ ወደ ወረቀት ገልብጠው ያነቡታል። ዕቃው ሲገባ ሰው ከመቀመጫው ይነሳል፣ ጠረጴዛ ይጠረጋል፣ ልጆች ወደ ውጭ ይባላሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰው የሚነሳላቸው በዚህ ብቻ ነበር። ዕቃው ከቆመ፣ አጎቴ ድንኳን ጥግ ተቀምጠው ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ንፍሮ የሚጠብቁ አንድ ተራ ጡረተኛ ይሆናሉ። ይህን እሳቸውም ያውቁታል፤ እኔም አውቀዋለሁ። «እሺ፣ ጋሼ» ከማለት ሌላ ቃል ያልነበረኝ ለዚህ ነው።

ጽሑፉ ራሱ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለዚያ ሁሉ ድካም የሚበቃ አልነበረም። አጎቴ የቀደመውን ሟች ታሪክ ይከፍቱና ስሙን፣ የትውልድ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ይቀይራሉ። የቀረው አይነካም። «ለወላጆቻቸው ታዛዥ፣ ለጎረቤት ቸር፣ ከማንም ጋር ተጣልተው የማያውቁ፣ ልጆቻቸውን በሥነ ምግባር ኮትኩተው ያሳደጉ» ይላል። በአጎቴ ላፕቶፕ መሠረት በሠፈራችን አንድም ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ሚስቱን በዱላ ያሳደደውም፣ የወንድሙን መሬት የነጠቀውም በዚሁ ቃል ተሸኝቷል። ቤተሰቡን እየጠየቁ መጻፋቸውም ለወጉ ያህል ነበር። ሰዎቹ ብዙ ይናገራሉ፤ አጎቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ፤ የሚጽፉት ዓመተ ምሕረቱን ነው።

አንድ ጊዜ ሳያገቡ የሞቱ የሰበካችን ትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ «የሰባት ልጆች አባት» ተብለው ተነበቡ። ከእሳቸው በፊት የሞቱት ሰው ሰባት ልጆች ነበሯቸው። ለቀስተኛው ሁሉ እንዳልሰማ አቀርቅሮ አለፈው። ያላለፉት ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ።

እኚህ ጎረቤታችን ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ከዶዮገና በወጣትነታቸው መጥተው ሆሳዕና ገበያ ውስጥ ያረጁ፣ አጎቴን በዕድሜ የሚበልጡ፣ ምላሳቸው የሚፈራ ሴት። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ። በማግስቱ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«መምህር! ያ ምስኪን ሰባት ልጅ ወለደ አልክ? መቼ ነው የወለደው? ሰማይ ከደረሰ በኋላ ነው?»

«ስህተት ነው፣ እማማ። ይቅርታ ጠይቄያለሁ» አሉ አጎቴ።

«ማንን ጠየቅህ? ሟቹን?»

«ማሽኑ ነው...»

«ማሽኑ! ስማ፣ እኔ ስሞት በዚያ ሣጥንህ ‹ከማንም ጋር ተጣልታ የማታውቅ› ብለህ ብታነብ፣ ከሬሣ ሣጥኔ ተነስቼ እዚያው ካንተው ጋር እጣላለሁ። ልጁ ምስክር ነው።»

ልጁ እኔ ነበርኩ። አጎቴ ሳቁ፤ ግን ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። ሴትዮዋ ይህን የተናገሩት አንድ ጊዜ አይደለም። ገበያም፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅም ላይ ደጋግመውታል። ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ ዕቃው ልመለስ። መጀመሪያ የሞተው ባትሪው ነው። ሶኬቱ ሲነቀል ዕቃው እዚያው ድርግም ይላል። መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ የሟቹ ታሪክ እስከ ጋብቻው ደርሶ ይቀራል። ስለዚህ የመኪና ባትሪና፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር ገዛን። ቀጥሎ የ«መ» ቁልፍ አልሠራ አለ። ያለ «መ» ቁልፍ «ሞቱ» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ የአጎቴ ሥራ ደግሞ ያለዚያ ቃል አይሠራም። ሌላ ኪቦርድ በዩኤስቢ ሰካሁ። ዕቃው ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ አንድ ብቻ ስለነበር ጽሑፉን ለምናስቀምጥበት ፍላሽ ቦታ ጠፋ፤ ባለ አራት ቀዳዳ ማከፋፈያ ጨመርኩ። ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ። ጽሑፉ ውስጥ አለ፤ ግን ብርሃን ካልበራበት አይታይም። አጎቴ እጅ አልሰጡም። እኔ በእጅ ባትሪ እያበራሁላቸው የአንድ ሰው ሙሉ ታሪክ ጻፉ። ለቀስተኛው ይህን እንደ ትልቅ ጥበብ ቆጥሮ በአድናቆት ያይ ነበር። እኔ እጄ እየዛለ፣ ስለዚህ ሕዝብ የማስበውን ለራሴ ያዝኩት።

በኋላ ከአንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ ጠፍጣፋ ስክሪን አግኝቼ ቀጠልኩለት። ሃርድ ዲስኩ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምርም አውጥቼ፣ ከአዲስ አበባ ባስመጣሁት ማገናኛ የካሜራ ሚሞሪ ካርድ ተካሁበት። በዚህኛው ትንሽ ኮርቻለሁ፤ አልክድም። ግን ውጤቱን በሰው ዓይን ብንመለከተው አሳፋሪ ነበር። ላፕቶፕ ማለት ጭን ላይ የሚቀመጥ ማለት ነው ተብለን ተምረናል። የአጎቴ ላፕቶፕ ሙሉ ባጃጅ ይፈልግ ነበር። ስክሪኑን እኔ አቅፋለሁ፣ የመኪናው ባትሪ ከእግሬ ሥር ይሆናል፣ አጎቴ ዋናውን ዕቃ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው እንደ አራስ ልጅ ይይዙታል። አንድ የባጃጅ ሾፌር «ቤት እየቀየራችሁ ነው?» ብሎ ጠይቆን ያውቃል።

እማማ ስንወጣ ካዩን አያልፉንም።

«ዛሬም ነፍስ አለው?»

«አለው፣ እማማ። የእህቴ ልጅ አድኖታል።»

«እኔ ወገቤን ሞቼ የሚያየኝ የለም፤ ለሣጥን ሐኪም ተቀጥሮለታል!»

ጽሑፎቹን ወደ አዲስ ኮምፒውተር ለማዛወር ሞክሬያለሁ። ባጃጅ ማቆሚያው አጠገብ ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። አጎቴም ተከተሉኝ። ፋይሉ ሲከፈት የግዕዝ ፊደል የለም፤ ገጹን የሞላው ነጥብ፣ ጭረትና ትርጉም የሌለው ምልክት ነበር። አጎቴ የሚጽፉበት የፊደል ፕሮግራም ከድሮዎቹ ስለሆነ አዲሱ ማሽን አያውቀውም። አጎቴ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

«አየህ? የእኛ ሰዎች የሚነበቡት እዚያኛው ላይ ብቻ ነው።»

«ጋሼ፣ አንዱን ብቻ በአዲስ ብንጽፈው ለሁሉም ይበቃ ነበር» አልኩ፤ ለመርዳት ብዬ።

«አንተ ሁሉም አንድ ይመስልሃል?»

«አይ... ስሙ ይለያያል።»

ፍላሹን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱና ቀድመውኝ ወጡ።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤትም ቢሆን ከእሳቸው የተሻለ እንዳይመስላችሁ። ወጣት ነው፤ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛል። የሟቹን ፎቶ በከለር አድርጎ፣ በአበባ ከቦ፣ ከላይ ርግብ ያስቀምጣል። «ጋሼ፣ ይሄን ነገር ይተዉትና እኔ ልሥራልዎት፤ ርግብም አደርግበታለሁ» ይላቸው ነበር። ርግቧ ለሁሉም ያችው ርግብ ናት። ግን ሰው ርግብ ይወዳል። አንዳንድ ቤተሰብ ወደ እሱ መሄድ ጀመረ፤ አጎቴም በየለቅሶው ቀድመው ለመድረስ መጣደፍ ጀመሩ። ሰው ታመመ ሲባል «ዕቃው ደህና ነው?» ብለው ይደውሉልኛል። ስለ ታማሚው የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ ሩቅ ቦታ መርጬ ነበር። የተመደብኩት እዚሁ ሆሳዕና ነው። አጎቴ «እግዚአብሔር ነው ያስቀረህ» አሉ። በእሳቸው ቤት እግዚአብሔርም ስለ ኪቦርዱ ያስባል።

በሁለተኛው ሴሚስተር አንድ ጠዋት፣ ክፍል ልገባ ስል ደወሉ።

«ዕቃውን አዘጋጅ። እማማ አርፈዋል።»

ድምፃቸው የሌላ ጊዜው አልነበረም። አስተማሪውን አስፈቅጄ ሄድኩ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ የዶዮገና ዘመዶቻቸው ገብተው ጨርሰዋል። እንደተለመደው ሰው ተነሳ፣ ጠረጴዛ ተጠረገ። ሁሉንም ገጣጥሜ አስነሳሁት። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ወጣት ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየናል። አጎቴ የቀደመውን ሟች ታሪክ ከፈቱ፤ ስሙን ቀየሩ፤ ዶዮገናን ጻፉ፤ ዓመተ ምሕረቱን የሟቿን ታናሽ እህት ጠየቁ። ከዚያ ያ ዓረፍተ ነገር ላይ ደረሱ።

«ከማንም ጋር ተጣልተው የማያውቁ።»

ጣታቸው መሰረዣው ላይ አረፈ። አልተጫኑትም። አነሱት፤ መልሰው አሳረፉት። ከኋላቸው ቆሜ አየሁ። ቢተዉት ሠፈሩ ሁሉ ያንን ዛቻ ያስታውሳል፤ እንደ ሰባቱ ልጆች መሳቂያ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራቸው የለም። ቢያጠፉት ደግሞ በቦታው የሚያስገቡት ሌላ ቃል የላቸውም። እንዲህ እያሉ ሳሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ላፕቶፑ ትንሽ ጭስ ለቀቀና ጠፋ።

እኔ ያመጣኋቸው ሁሉ ደህና ነበሩ። ባትሪው ይሠራል፤ ኢንቨርተሩ ያጉረመርማል፤ ጠፍጣፋው ስክሪን በርቶ ምልክት እንዳጣ ይናገራል። የሞተው መካከል ላይ ያለው ብቻ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስደግፍ የኖርኩት ምን እንደነበር ያኔ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

ወጣቱ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ሮጬ ልሥራልዎት? ፎቶ ብቻ ይስጡኝ» አለ።

«ጸሎቱ ተጀምሯል፣ ልጄ» አሉት አጎቴ። ኮታቸውን አስተካክለው፣ ባዶ እጃቸውን ወጡ።

ሬሣ ሣጥኑ አጠገብ ቆመው ጀመሩ። የትውልድ ቦታ፣ ዓመተ ምሕረት፣ ለወላጆቻቸው ታዛዥ፣ ለጎረቤት ቸር። አንድ ቃል አልሳቱም። እኔም አብሬ በልቤ እልላቸው ነበር። ለካ ጽሑፉ ድሮም ማሽኑ ውስጥ አልነበረም። ኢንቨርተሩ፣ ኪቦርዱ፣ ማከፋፈያው ሁሉ የተሰለፈው አጎቴ እንደ ጸሎት በቃላቸው ለሚያውቁት ነገር ነበር።

«ከማንም ጋር ተጣልተው...» አሉና ቆሙ።

ለቀስተኛው ቀና አለ። ብዙ ሰው ሬሣ ሣጥኑን ተመለከተ። አላፍርም፤ እኔም ተመልክቻለሁ።

«ከማንም ጋር ተጣልተው የማያውቁ አልልም» አሉ አጎቴ። ድምፃቸው ወረደ። «ከእኔ ጋር ስለ አጥሩ ተጣልተዋል፤ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ድንች የተቀላቀለበት ቅቤ ካመጣ ሰው ሁሉ ጋር ተጣልተዋል። የባጃጅ ልጆች፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ከመካከላችን እሳቸው ያልተጣሉት ሰው ካለ እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም። አንዲት ሴት በነጠላዋ ሥር ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ። ታናሽ እህታቸው «እውነት ነው! እውነት ነው!» እያለች ደረቷን መታች። በዚያ ቀብር እንደተለቀሰው ሠፈራችን ውስጥ ሲለቀስ አላየሁም።

አጎቴ ወዲያው ወደ ድሮው ቃል ተመለሱ። ልጆች በሥነ ምግባር ተኮተኮቱ፤ ለቤተሰቡ መጽናናት ተመኙ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የተለወጠው፤ ከዚያ በላይ እንዳላጋንን እጠነቀቃለሁ። ግን ወደ ድንኳኑ ሲመለሱ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚሠራ ዕቃ ሳይኖር፣ ሰው ሁሉ ተነሳላቸው። ወጣቱም ተነሳ።

በአጥሩ ሥር ወደ ቤት ስንመለስ ስክሪኑን እንዳቀፍኩ፣ እንዳይከፋቸው ብዬ «ጋሼ፣ አይዞዎት፤ አዲስ አበባ ልኬ ላስጠግነው እችላለሁ» አልኳቸው።

አጎቴ ክንዳቸው ላይ ያለውን ነጭ ጥቅልል አዩት።

«ምኑን ታስጠግናለህ? ኮተት ነው እኮ» አሉ። «እኔ ድሮም ሰልችቶኛል። አንተ ስለምትወደው ነው ዝም ያልኩት።»

እውነታቸውን ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። የቤታቸው በር ላይ ስንደርስ ጥቅልሉን ሰጥተውኝ ዕቃ ቤት እንዳስገባው አዘዙኝ። ሌላ ቃል ስላልነበረኝ «እሺ፣ ጋሼ» አልኩና ዕቃ ቤቱን ከፍቼ፣ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ግንቦት 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር።