እማማ ጥሩወርቅን ኮርኪኔት ላይ ያሳፈርኩ ዕለት

አለፍኩ! ማክሰኞ ጠዋት ከፈተናው አዳራሽ ወጥቼ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ቁጭ እንዳልኩ ነው መልእክቱ ስልኬ ላይ የገባው። ቴኦሪያውን፣ ማለትም የመንገድ ሕግ የጽሑፍ ፈተናውን፣ አልፌያለሁ። አሥራ ስድስት ዓመትም ሞልቶኛል። ከእንግዲህ እንደ ሰው፣ በሕግ፣ ኮርኪኔት መንዳት እችላለሁ። ኮርኪኔት የምንለው ያንን ሁለት ትንንሽ ጎማ ያለውን፣ ቆመው የሚነዱትን የኤሌክትሪክ ስኩተር ነው። ብቻዬን ብድግ ብዬ ዘለልኩ። አጠገቤ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ የተቀመጠው ወታደር ቀና ብሎ አየኝና “ማዛል ቶቭ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ለምን እንደሆነ ባላውቅም” አለኝ።

ፈተናው መካከል ላይ አንድ ጥያቄ ከነሥዕሉ መጣ። በአንድ ኮርኪኔት ላይ ሁለት ሰው ቆሟል፤ “ሌላ ሰው ማሳፈር ይፈቀዳል ወይ?” ይላል። ሳቄ አመለጠኝ። ፈታኟ ከመነጽራቸው በላይ ገላመጡኝ። ምን ላድርግ? የዚያን ጥያቄ መልስ ከመጽሐፍ አልነበረም የተማርኩት።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ትምህርት የተዘጋ ሰሞን ነበር። በከተማችን በአፉላ ዙሪያ ያለው ስንዴ ታጭዶ፣ ሙቁ ነፋስ የገለባ ሽታ እየያዘ ከተማ ውስጥ የሚገባበት፣ አስፋልቱም ለስልሶ ጫማ የሚይዝበት ወቅት። ኮርኪኔቱ የወንድሜ የአቪ ነው። አቪ ወታደር ስለሆነ እሑድ ጠዋት በባቡር ወደ ጦር ሰፈሩ ይሄዳል። ሲወጣ ሁልጊዜ “እንዳትነኪው!” ይለኛል፤ ቁልፉን ግን ካልሲ መሳቢያው ውስጥ ጥሎት ይሄዳል። በእኛ ቤት “እንዳትነኪው” ማለት “የት እንዳለ እወቂ” ማለት ነው።

በዚያ ዓርብ አቪ ለሻባት፣ ለሰንበቱ፣ አልመጣም። እናቴም ሥራ ላይ ናት። እስከ ማዕዘኑ ድረስ ብቻ ብዬ ወጣሁ። ማዕዘኑ ላይ ስደርስ እስከሚቀጥለው ማዕዘን አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አውቶቡስ ጣቢያው አካባቢ ደረስኩና እማማ ጥሩወርቅን አገኘኋቸው።

እማማ ጥሩወርቅ ከእኛ ሕንጻ ምድር ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ዓርብ ዓርብ ለሻባት ዳቦ የሚሆናቸውን ዱቄት ለመግዛት በእግራቸው ይወጣሉ። አውቶቡስ አይገቡም። “አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሰላም አይባልም” ይላሉ። መንገዱ ለሌላው ሰው ሩብ ሰዓት ቢሆን ለእሳቸው ሁለት ሰዓት ነው፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ የማን ልጅ ከጦር ሠራዊት እንደተሰናበተ ሳያጣሩ አይመለሱም። ያን ቀን ዱቄቱን አቅፈው፣ በሌላው እጃቸው ጎመንና ቲማቲም አንጠልጥለው፣ ጥላ ጥላውን እየመረጡ ይመጣሉ።

እናቴ ከልጅነቴ ጀምራ የምትነግረኝ ነገር አለ። ጎንደር በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ትልቅ ሰው በእግሩ ሲሄድ ካገኘ ይወርዳል፤ ወርዶም ሰላም ብሎ “ይውጡበት” ይላል። ከላይ ሆኖ ማለፍ ነውር ነው። እኔ በቅሎ ያየሁት በሥዕል ብቻ ነው፤ ነውሩን ግን ከእናቴ ወርሼዋለሁ። ወረድኩ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። ነጠላቸው ጥቁር አዝሙድ ጥቁር አዝሙድ ይሸታል።

“ይህ ምንድን ነው ደግሞ?”

“የአቪ ነው፣ እማማ።”

“እሱ ያውቃል?”

የመሪውን አቧራ መጥረግ ጀመርኩ።

“አያውቅማ!” ብለው ሳቁ።

“አንቱ በእግርዎ እየሄዱ እኔ እዚህ ላይ ቆሜ አላልፍም። ይውጡ፣ ላድርስዎ።”

“በዚች ሳንቃ ላይ? አበድሽ እንዴ ያኤል!” አሉ። ግን እግራቸው ወደ ሳንቃዋ ተጠግቷል። ግራ ቀኙን አዩ። “ደሴ ብቻ እንዳያየኝ።”

ጋሽ ደሴ ልጃቸው ነው። ኢንዱስትሪ ቀጠና በፈረቃ ይሠራል፤ ራሱም ሥራ የሚሄደው በኮርኪኔት ነው፣ ግን እንደ እሱ ሕግ የሚያጠብቅ ሰው አላየሁም። ቃስዳውን፣ ያን የራስ መከላከያ ቆብ፣ አውልቄ ሰጠኋቸው። በሻሻቸው ላይ አልገባ አለ። “ሻሼን በአደባባይ አላወልቅም” አሉና መለሱልኝ። መሪው ላይ አንጠለጠልኩት።

እሳቸው ከፊት፣ ዱቄቱ በጉያቸው፣ እኔ ከኋላ። መኪና ስለፈራሁ በእግረኛው መንገድ ነዳሁ። መጀመሪያ እንዴት ሸጋ ሆነ! “እሰይ! እሰይ!” አሉ። ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ፈላፍል የሚሸጠው ሰውዬ ማንኪያውን እንደያዘ ከሱቁ ወጣ። ወዲያው ደግሞ የዛፍ ሥር ያነሳው ንጣፍ ላይ ደረስን። የኮርኪኔት ጎማ መዳፍ ታክላለች፤ መሰናክል አታልፍም። ሁለታችንም ተሽቀንጥረን ወደቅን።

ዓይኔን ስገልጥ ዓለም ነጭ ነው። ዱቄቱ ፈንድቶ እማማ ጥሩወርቅ ቅንድባቸው ድረስ ነጥተው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ያሉት “ተርፈሻል?” ነው። ከዚያ ነው እጃቸውን ያዩት። አንጓው ጋ ተጣሞ ነበር።

“ሂጂ” አሉኝ፣ ቀስ ብለው። “ይህን ነገር ይዘሽ ጥፊ። ወንድምሽ ወታደር ነው፣ ጣጣ ያመጡበታል። እኔ አደናቀፈኝ እላለሁ።”

ሄድኩ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ሄድኩ። ከማዕዘኑ ሆኜ ሰዎች ደግፈው ሲያነሷቸው አየሁ።

እጃቸው በጀሶ ታሰረ። ያሉትንም አደረጉ፤ ለሐኪሙም ለልጃቸውም “መንገድ ላይ ወደቅሁ” አሉ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ደሴ ደረጃው ላይ እናቴን ሲያናግራት ሰማሁ።

“እማዬ በደልዳላ መሬት መውደቅ ጀምራለች። ዛሬ እጇ ነው፤ ነገስ? ከእንግዲህ ብቻዋን አትኖርም። እሑድ ሃይፋ፣ እኅቴ ዘንድ እወስዳታለሁ።”

የእኅቱ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰርም የለውም። እማማ ጥሩወርቅ ሰላም ሳይሉ፣ ሳያጣሩ፣ መስኮት ላይ ተቀምጠው ታዩኝ። ያን ቀን ምስር ወጥ ይዤ ስገባ ባንድ እጃቸው ልብስ ያጥፋሉ። ቁጭ ብዬ አጠፍኩላቸው።

“ልናገር፣ እማማ?”

“ዋ! ከአፍሽ ብትወጣ!” አሉ። ቀጥለውም ወደ ውጭ እያዩ፣ “ሃይፋ ባሕር አለ አሉ” አሉ። እንደ እሳቸው ባሕር የማይፈልግ ሰው አይቼ አላውቅም።

ምንም ሳልናገር ሻባት ገብቶ ወጣ። አቪ መጥቶ ኮርኪኔቱ ላይ ያለውን ጭረት እንኳ አላየም። እሑድ ጠዋት ላሰናብትህ ብዬ ከእሱ ጋር ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። እናቴ “ዛሬ ምን ነክቷት ነው?” አለች። እማማ ጥሩወርቅ መድረኩ ላይ፣ ጀሶ የታሰረ እጃቸው ነጠላ ውስጥ፣ በአንድ ሻንጣና በጋሽ ደሴ መካከል ተቀምጠዋል። ዙሪያው ወታደር ነው፤ የሚተኛ፣ አይብ የገባበት ቡሬካስ የሚበላ። እሳቸውም እንደነሱ ግዳጅ የተጠሩ ይመስላሉ።

ወደ እነሱ ተጠጋሁ። “ጋሽ ደሴ” አልኩ። “እማማ በእግራቸው ሲሄዱ አይደለም የወደቁት። እኔ ነኝ የጣልኳቸው። ኮርኪኔት ላይ አሳፍሬያቸው ነበር።”

“የማንን ኮርኪኔት?” አለ አቪ ከኋላዬ።

ጋሽ ደሴ ተነሣ። በጣቱ መቁጠር ጀመረ። “ዕድሜሽ ስንት ነው? አሥራ አራት! ሕጉ አሥራ ስድስት ይላል። ፈተናውን አልወሰድሽም። ሁለት ሰው ባንድ ኮርኪኔት! ያውም በእግረኛ መንገድ! ቃስዳስ?”

“ነበረን… መሪው ላይ።”

“መሪው ጭንቅላት አለው?”

ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። “እማዬ፣ እውነት ነው?”

እማማ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ወደ ሐዲዱ መለሱ። “እልል ብዬ ነበር” አሉ። “ከመውደቄ በፊት።”

አንድ ወታደር፣ አማርኛ የሚሰማ መሆን አለበት፣ ቡሬካሱ ትን አለው። ጋሽ ደሴ አልሳቀም። “እና እግርሽ ደህና ነው? ራስሽን አያዞርሽም?”

“እግሬ ምን ሆነ? በእግሬማ ብሄድ ኖሮ አልወድቅም ነበር።”

ባቡሩ መጣ። በሩ ተከፈተ። አቪ በጣቱ እያስፈራራኝ ገባ። ጋሽ ደሴ ሻንጣውን አነሣ፤ እናቱን አየ፤ ሻንጣውን አየ። እማማ ጥሩወርቅ አልለመኑትም። “እንደ ልብህ” ብቻ አሉ። በሩ ተዘጋ። ሻንጣው አሁንም በእጁ ነው።

“ይህንን ሁሉ መንገድ መልሼ ልሸከመው ነው እንግዲህ” ብሎ አጉረመረመ። የዚያን ቀን ከሰማሁት ቃል ሁሉ የጣፈጠኝ እሱ ነው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አቪ ቁልፉን ይዞት ሄደ። እማማ ጥሩወርቅም ምሥጢር አውጥተሽብኛል ብለው አኮረፉኝ። ዓርብ ጠዋት ግን በራችንን አንኳኩ። “ዱቄት የሚሸከምልኝ ሰው አጣሁ” አሉ። ከዚያ ጀምሮ ጀሶው እስኪወልቅ፣ ከወለቀም በኋላ፣ ዓርብ ዓርብ አብረን እንወጣለን።

ያን ቀን ያከበርኳቸው መስሎኝ ነበር። በቅሎ የምትረግጠውን ታውቃለች፤ እኔ ግን አላውቅም ነበር። ወርጄ፣ ዱቄቱን ሳንቃዋ ላይ ጭኜ፣ እየገፋሁ አብሬያቸው ብሄድ ምን ነበረበት? የቴኦሪያውን መጽሐፍ መጀመሪያ ሳነበው ሁሉም ነገር እኔን ለመከልከል የተጻፈ ይመስለኝ ነበር፤ በብስክሌት መንገድ ሂጂ፣ እሱ ከሌለ በአስፋልቱ፣ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ውረጂ፣ ጆሮሽን አትድፈኚ። አሁን ሳነበው ከእያንዳንዱ መስመር ጀርባ እጁ በጀሶ የታሰረ አንድ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል።

ማክሰኞ ከጣቢያው በቀጥታ የሄድኩት እማማ ጥሩወርቅ ዘንድ ነው።

“አለፍኩ!”

“እሰይ የኔ ሸጋ! እንግዲያው አሁን ታሳፍሪኛለሽ?”

“አይፈቀድም፣ እማማ።”

“አውቃለሁ” አሉ። “ልፈትንሽ ብዬ ነው።”

ከዚያ ይህን እንደምጽፍ ስነግራቸው መልእክት ሰጡኝ፤ ሳላስቀር አደርሳለሁ። ዓርብ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ወደ ሰፈራችን በእግራችን እንመለሳለን። መንገዱ አጭር ነው፤ ሰላምታው ግን ረጅም። ለሻባት የተቸኮለ፣ ወሬ የጠማው፣ አፉላ መጥቶ ገና ሰው ያልለመደ ሁሉ እንዲመጣ ጠርተዋል። ኮርኪኔት ያላችሁም ይዛችሁት ኑ። ስታገኙን ግን ውረዱና እየገፋችሁ አብራችሁን ሂዱ፤ ማን እንደወለደች እንነግራችኋለን።