የለውዙ አሰር

መጀመሪያ ያየሁት ደም ነው። በዘጠኝ ወር ልጄ በቢንያም የሽንት ጨርቅ ላይ፣ እንደ ክር የቀጠነ ደም። ታይፎይድ ታምሜ ጡቴ ስለነጠፈ የላም ወተት ካስጀመርኩት ሳምንት አልሞላም ነበር። ሐኪሙ መርምሮ፣ "ለላም ወተት አለርጂ አለበት። የዱቄት ወተቱም ያው ነው። አቁሚና ሌላ ምግብ ስጪው፤ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ አምጪው" አለኝ። ወተቱን አቆምኩ፤ ደሙም ቆመ። ተመልሼ ግን አልሄድኩም።

ጊዜው ስኳር በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ የሚታደልበት ነው። ባለቤቴ ሰሜን ዘምቷል። እኔ ኦሎምፒያ አካባቢ ታይፒስት ነኝ፤ ቤቴ ከቦሌ መንገድ ጀርባ። በሰፈሩ የምታወቀው ግን በጾም ሱፍ ነው። የሱፍ ባለሙያ የምትለየው በማጥለሏ ነው፤ የነጣ፣ የቀጠነ፣ ምላስ ላይ ምንም የማይቀር። ሲያመሰግኑኝ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ስለዚህ ለቢንያም በወተቱ ፋንታ ከሾላ ገበያ ለውዝ ገዛሁ። አመስ አድርጌ ገለፈቱን አራገፍኩ፤ ወቅጬ በፈላ ውሃ በጠበጥኩ፤ እንደ ሱፉ በነጠላ ሦስት ጊዜ አጠለልኩ፤ ስኳር ጨመርኩበት። ቁርጥ ወተት መሰለ። ነጠላው ላይ የቀረውን አሰር ለጎረቤቴ ለዘሀራ ዶሮዎች ሰጠሁ። ዶሮዎቹ በየቀኑ እንቁላል ይጥሉ ጀመር።

ዘሀራ የወሎ ሰው ናት። ሌላ ስላረገዘች የዓመት ልጇን ሰዓዳን ጡት አስጥላ የላም ወተት ትሰጣት ነበር። ሰዓዳን ተቅማጥ ሲይዛት ማንም ሳይጠይቀኝ፣ "ያንቺም በወተቱ ነው፤ እንደኔ አድርጊላት" አልኳት። አጠላለሉን በእጄ አሳየኋት። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለኔ ነው።

በሁለተኛው ወር የቢንያም ፊት ሞላ። እግሩም ሞላ። ጎረቤቱ ሁሉ "ድንቡሼ! ከዓይን ያውጣው" ይለኛል። ማልቀስ ሲተው ጨዋ ልጅ ወጣው ብዬ ኮራሁ። ዓይን እንዳይበላው ሸፍኜ ቤት ደበቅኩት። ክሊኒክ ደግሞ የሰው ዓይን የሞላበት ነው።

አንድ ጠዋት ሳጥበው የእግሩ ቆዳ እጄ ላይ ተላጠ። ጸጉሩን ነካሁት። ተነቀለ። ልጁ አላለቀሰም።

ሆስፒታል ሐኪሙ የልጄን እግር በአውራ ጣቱ ተጫነ። ጉድጓዱ አልሞላም።

"ክዋሺዮርኮር ነው፤ የገንቢ ምግብ እጥረት። አልወፈረም፣ አብጧል። ምንድን ነው የምትሰጪው?"

ነገርኩት።

"አሰሩስ?"

"ለዶሮ።"

አስታማሚው ሁሉ እየሰማ፣ "ምግቡን ለዶሮ፣ እጣቢውን ለልጅሽ!" አለኝ።

ሰዓዳ ወዲያው ትዝ አለችኝ።

ለቢንያም በአፍንጫው ቱቦ ገባ። አምስት ቀን ዓይኑን አላነሳም። እህቴ በየቀኑ ትመላለሳለች። "ለዘሀራ ንገሪልኝ" ማለት አንድ ትንፋሽ ነው። አላልኩም። አፈርኩ። ሙያዬን ሲያወራ የኖረ ሰፈር ይስቅብኛል ብዬ ፈራሁ። እሁድ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ አልኩ። እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ይዟት አልመጣችም፤ እንቁላል ላከችልኝ። በዘጠነኛው ቀን እህቴ ጥቁር ለብሳ መጣች። ከሰዓዳ ቀብር ነበር የመጣችው።

የቢንያም እብጠት ሲጎድል ከሥሩ አጥንት ብቻ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቱቦው ተነቅሎለት፣ ለውዙን ሳላጠልል ከነአሰሩ ከገንፎ ጋር እያዋሃድኩ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድም የዘሀራን እንቁላል አስኳል እየጨመርኩ በማንኪያ ሳጎርሰው፣ ቀስ በቀስ ጉንጩ የእውነት ሥጋ ያዘ። ዳቦዬን ነጥቆ ስቀማው ጮኾ ያለቀሰ ዕለት ነርሷ አጨበጨበች።

ወተት የማይስማማው ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ የለውዝ ወተት መጠጥ ነው፤ ልጅ አያሳድግም። ለውዝ ራሱ የማይስማማው ልጅም አለና ሐኪም ጠይቁ። በቀጠሯችሁ ቀን ተመለሱ። ልጅ ድንገት ሲሞላና ዝም ሲል እግሩን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ጉድጓዱ ከቀረ ሩጡ። ተሳስታችሁ ለሰው ያስተማራችሁት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ንገሩት።

ምላሱ መራራ የነበረውን ሐኪምና ያቺን ነርስ አመሰግናለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ዘሀራን። ከሆስፒታል ስንወጣ ለቅሶ ልደርስ ቤቷ ገባሁ። ቢንያምን ተቀበለችኝና እግሩን በአውራ ጣቷ ተጫነች። ለካ ሰዓዳ ስትታመም እሷንም ሐኪም አሳይቷታል።

"ሐኪሙ የለውዙን ነገር መቼ ነገረሽ?" አለችኝ።

"ዛሬ፣ ስንወጣ" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ፣ ያንቺስ ተረፈ" ብላ እንቁላል ቋጠረችልኝ። ተቀበልኳት።

ዘሀራ፣ የነገረኝ የገባሁ ዕለት ነው።