ቦራን የተኮስንበት ማጭድ

መጀመሪያ ያየሁት አነሳሱን ነው። ውሻዬ ቦራ እንደ ወትሮው ብድግ ማለቱን ትቶ፣ የፊት እግሮቹን ተክሎ የኋላውን እየጎተተ መነሳት ጀመረ። ሲሮጥ ደግሞ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ያነሳል። አይቼ ሳቅሁ። ለባለቤቴ ለዘሃራ «ይሄ ውሻ ጥጋብ አሰነፈው» አልኳት። ሕመም መሆኑን ማን ይንገረኝ? ውሻም እንደ ሰው መገጣጠሚያው እንደሚታመም አላውቅም ነበር።

እኔ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ማሽላ የምዘራ፣ ጥቂት ፍየሎች ያሉኝ ገበሬ ነኝ። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ አገር ያውቀዋል። ይሄን የማወራው፣ ውሻው መነሳት አቅቶት ምን ላድርገው ብሎ ለተቸገረ ሰው ነው። ያጠፋሁትን ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ማሽላው እሸት ሲይዝ አንድ ማለዳ ከርከሮ ገባበት። ቦራን «ያዝ!» አልኩት። ተነሳ። ሦስት እርምጃ ሄደ። ተቀመጠ። ከርከሮዎቹ ዓይኔ እያየ ማሽላዬን አተራመሱት። ደሜ ፈላ። ዱላዬን አነሳሁ። ጎኑን መታሁት። ደግሜ ዳሌውን። ሲጮህ የባሰ ተናደድኩ። ሦስተኛውን ስሰነዝር አልሸሸም። መሸሽ መቼ ቻለና! ያን ጊዜ እንኳ አልገባኝም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጨርሶ ተኛ። ጎረቤታችን ጋሼ ይመር መጡ። ያነከሰ በሬ ወይም አህያ ሲኖር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ በጋለ ብረት ይተኩሳሉ። ዳሌውን ዳበሱና «ነፋስ ገብቶበታል፤ እሳት ካልነካው አይወጣም» አሉኝ። የእንስሳ መገጣጠሚያ ሲታመም መተኮስ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ ማንም ጭካኔ ብሎ አያስበውም። መተኮሻ ብረታቸውን ሰው ተውሷቸው ስለነበር የእኔን ማጭድ ፍም ውስጥ ከተትነው።

ከግራር ግንድ ጋር አሰርነው። አፉን በገመድ ጠፈርነው። እኔ ጭንቅላቱን ያዝኩ። ጋሼ ይመር ማጭዱን አወጡ። ቀልቷል። ቀኝ ዳሌውን ነኩት። ጸጉሩ ጨሰ። ቆዳው ተንጣጣ። ቦራ ተወራጨ። ሁለተኛው ሲያርፍበት የአፉ ገመድ ተበጠሰ። ክንዴን ነከሰኝ። ጥርሱ አጥንቴ ጋ ሲደርስ ተሰማኝ። አፍንጫውን በቡጢ መታሁት። ለቀቀኝ። ደሙ የእኔ ይሁን የእሱ አይለይም። ያ ረቢ! ሰባት ዓመት ከእጄ የበላ ውሻ ነው እኮ።

ክንዴን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ጀመሩልኝ፤ ለሕመሙም ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ክኒን ሰጡኝ። ቤት ስመለስ ቦራ ያቃስታል። አንጀቴን በላው። ከራሴ ክኒን በወተት በጥብጬ ሰጠሁት። በነጋታውም ደገምኩለት። በሦስተኛው ቀን ደም አስታወከ። ጥቁር፣ የረጋ ደም። ቁስሉ መግል ቋጥሮ ዝንብ ወሮታል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ገላግለው» አለኝ። እኔ ደግሞ እውነተኛውን ምሳር አነሳሁ።

አንገቱን በእግሬ ረገጥኩት። ምሳሩን ከፍ አደረግኩ። ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። ጅራቱ አንድ ጊዜ መሬቱን መታ።

«እጅህን ይቁረጠው!» ብላ ዘሃራ ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች፤ ያውም የተነከሰው ላይ። «ጅቡ ፍየሏን ጉሮሮዋን ሲይዛት ማን ነው ያስጣላት? አንተ ነህ? አንተማ በር ዘግተህ ትጮህ ነበር!»

እውነቷን ነው። ምሳሩን ጣልኩ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጆንያ ላይ አስተኝተን በባጃጅ ቆቦ ወሰድነው። ባለባጃጁ «ውሻ አልጭንም» ብሎ ተሟገተን፤ ቁስሉን ሲያይ ግን ጫነንና በቀስታ ነዳ። የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። አፉን በጨርቅ አስራ፣ እግሩን ዘረጋችው፣ አጠፈችው፣ መዳፏን ዳሌው ላይ አሳርፋ አዟዟረችው።

«ነፋስ ገብቶበት ነው» ብላት፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነፋስ አይደለም» አለችኝ። «የዳሌው አጥንት ከጥንቱም በልኩ አልገጠመም፤ ሂፕ ዲስፕሌዥያ ይባላል። አጥንቱ ሲፋተግ ኖሮ አሁን አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ ሕመም ሆኗል። ጨርሶ አይድንም። ሕመሙን ቀንሰንለት ግን ይኖራል።»

ዱላውንም፣ ማጭዱንም፣ ክኒኑንም ነገርኳት። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «የሰው ማስታገሻ የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል» ብቻ አለችኝ።

ብዙ ቀን በግሉኮስና በመርፌ ከቆየ በኋላ ደሙ ቆመ፤ ቁስሉም እየጠገገ መጣ። ጨጓራው ማገገሙን ስታረጋግጥ ነው ሐኪሟ በኪሎው ልክ የተመጠነ፣ ለእንስሳ የሚሆን ማስታገሻ ከምግብ ጋር እንድሰጠው ያዘዘችልኝ። ቤት ስንመለስ፣ ይተኛበት ከነበረው የበረንዳ ሲሚንቶ አንስቼ ገለባ በጠቀጠቅኩበት ጆንያ ላይ አስተኛሁት፤ የደጃፉን የድንጋይ ደረጃ አፍርሼ እንዳይዘል በአፈር ደለደልኩለት፤ ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለሰው እጅ በማያቃጥል ሙቀት ዳሌው ላይ እያሳረፍኩ ጡንቻውን በቀስታ አሸዋለሁ፤ ከዚያ በደረቀው የወንዝ አሸዋ ላይ ጥቂት እናዘግማለን፣ ሲደክመው እንቆማለን። ዘሃራ አዝናለት ስታጎርሰው ወፍሮ ነበርና ሐኪሟ «እትዬ፣ እያንዳንዷ ጉርሻ ዳሌው ላይ ነው የምትጫነው» ብላ አስቆመቻት። ከተኮስነው ወዲህ መጀመሪያ እጄን የላሰኝ ቀን፣ ለሶላት ብዬ እንደ ደንባችን ሰባቴ ታጠብኩ፣ አንዱን በአፈር። ዘሃራ ስታየኝ «ይሄን ያህል ከምትታጠብ መጀመሪያ ባትደበድበው አይቀልህም ነበር?» አለችኝ።

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ቦራ ይሄዳል። ከርከሮ አያባርርም፤ ይጮሃል፣ የማባርረው እኔ ነኝ። ሐኪሟን፣ ባለባጃጁን፣ ከሁሉ በላይ ክንዴን የያዘችውን ዘሃራን አላህ ይስጥልኝ። ጋሼ ይመርም አንድ ጠዋት መጥተው ሳሸው አዩኝና «እኛማ ስንቱን አቃጠልነው» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሲተኩሱ አላየሁም።

ለእናንተ የምለው ይሄን ነው፦ ውሻችሁ መነሳት ሲከብደው፣ መዝለል ሲያቅተው፣ ስንፍና አትበሉት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ እኔን ያየ ይቀጣ። እሳት አታስነኩት፣ የራሳችሁን ክኒን አትስጡት፣ ሐኪም አሳዩት።

ማሽላው የደረሰ ጊዜ ማጭዱን ከግድግዳ አወረድኩ። ቦራ እግሬ ሥር ተኝቶ ነበር። ቀና ብሎ አየው። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ፈጥኖ ሲነሳ አላየሁትም። የኋላ እግሩን እየጎተተ ከግቢ ወጣ፤ ብጠራው፣ ብጠራው ማጭዱ እጄ ላይ እያለ አልመለስ አለ።

አሁን ማጭዴ ጋሼ ይመር ቤት ነው የሚቀመጠው። አጨዳ ስሄድ ከዚያ አነሳለሁ፤ ስመለስም እዚያው አስቀምጬ፣ ባዶ እጄን ነው ቤቴ የምገባው።