ቼሎ የተከራየው መንገደኛ

ከናዝሬት ወደ አሰላ የሚወጣው አውቶቡስ ሊነሳ ሲል፣ አንድ ሽበታም ሰውዬ ሰው የሚያህል ጥቁር ሣጥን አቅፎ ገባ። ከወታደር ካፖርቱ ላይ ማዕረጉ ተነስቷል፤ ጫማው ግን ተወልውሎ ፊት ያሳያል።

«አባት፣ እሱ ጣራ ላይ ይጫናል» አለው ሾፌሩ።

«እንግዲያው እኔም ጣራ ላይ እወጣለሁ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ጨርቅ ነጋዴዋ ከዲጃ ግን ሰውዬው የምሩን መሆኑን ከዓይኑ አይታ፣ የአቡጀዴ ጥቅሏን ወደ ጣራ ልካ ቦታ ለቀቀችለት። እሱም ሣጥኑን በመሀላቸው አቁሞ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር እንደ ሕፃን እየደገፈው ተጓዘ።

ዴራ ላይ ሾፌሩ ሞተር ሊያበርድ ሲያቆም ከዲጃ አላስቻላትም።

«ጋሼ፣ ምንድነው እሱ?»

«ቼሎ ይባላል። እንደ ማሲንቆ በደጋን ነው የሚመታው። አዲስ አበባ ካንድ አርመን ለሦስት ወር ተከራየሁት።»

«መጫወት ይችላሉ?»

«ነገ ነው የምጀምረው» አለ አፈር ብሎ። «በጦሩ የሙዚቃ ጓድ ሃያ ዓመት ከበሮ መታሁ። ዜማው ሁልጊዜ የሌሎቹ ነበር።»

«እስቲ ያሰሙኝ።»

ግራ ቀኙን አይቶ ሣጥኑን ከፈተ። ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቱ ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ድምፁ በወንበሩ በኩል መጥቶ የከዲጃን ደረት ነዘረው። የአውቶቡሱ ጫጫታ ቆመ።

ሾፌሩ ዞር አለ። «አባት፣ እስቲ ይድገሙት።»

ሰውዬው ያንኑ ድምፅ ደገመላቸው። ሌላ ሲጠይቁት ግን ሳቀ።

«የቀረውን ገና አልተማርኩም።»