«ሁሉም አልፏል» ያለኝ ስክሪፕት

ዛሬ ጠዋት ስክሪፕቴ ላፕቶፔ ላይ «ሁሉም ፈተና አልፏል» ብሎ ሲጽፍልኝ፣ የሚፈተነው ኮምፒውተር ስክሪን ጨልሞ ነበር።

ደብረ ታቦር፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው የምሠራው። ነገ በየኮምፒውተሩ የምንጭነውን የስክሪን ድራይቨር (ስክሪኑን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) በራሱ የሚፈትሽ ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም፣ ስጽፍ ሦስት ቀኔ።

ለአለቃዬ ደውዬ «ይጫን» ልል ስል፣ ክፍሉን የሚያጸዱት እትዬ ጥሩ «ልጄ፣ ያኛው ጠፍቷል እንዴ?» አሉኝ።

ዞር ብዬ ሳየው ድቅድቅ ጨለማ!

ለካ ፈተናው ሲወድቅ የሚልከውን የስህተት መልእክት የራሴ ስክሪፕት እየዋጠ «አልፏል» ይላል። (የሒሳብ አስተማሪዬ እንዲህ ቢያርሙልኝ ኖሮ የት በደረስኩ!)

አስተካክዬ ሳስኬደው ከፈተናዎቹ ግማሹ ወደቀ፤ የነገው ጭነትም ቀረ። አለቃዬ «ታዲያ ሦስት ቀን ምን ስትሠራ ነበር?» አለኝ።

እናንተንስ «ደህና ነው» ብሎ ጉድ ሊሠራችሁ የነበረ ማሽን አለ? እስቲ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።