መርዶ ነጋሪው አያ ይርዳው

አያ ይርዳው ሞቱ። ይህን ጻፍሁና ደግሜ አነበብሁት፤ አሁንም አላመንሁትም። በመተማ ኬላ አስተርጓሚ የነበሩት፣ ከወሰኑ ማዶ ጋላባት ላይ ቤት ሠርተው የኖሩት፣ የጎንደር ቁስቋም ተወላጅ አቶ ይርዳው በዚህ በጥቅምት በንዳድ ታመው በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። በመተማም፣ በጭልጋም፣ በጎንደርም የምታውቋቸው ሁሉ፣ እግዚአብሔር ያጽናን።

ወሬውን የሰማሁት አዘዞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ዳር ቆሜ ነው። ከመተማ ጥጥ ጭኖ የመጣ ሾፌር ከማኪናው ሳይወርድ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ስማ እንጂ፣ አያ ይርዳው እኮ ተቀበሩ!» አለኝ። «የትኛው ይርዳው?» አልሁት። ኧረ የትኛው ሊሆን! ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ባለፈው ሰኔ፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው እየሳቁ ነበር የተሰናበቱኝ። እንዲህ ያለ ወሬ በእንዲህ ያለ አነጋገር ሲነገር ቢሰሙ ኖሮ ሾፌሩን በዚያው ጃንጥላ ባሉት ነበር። መርዶ መንገር እኮ የእሳቸው ሥራ ነው። መንግሥት የቀጠራቸው ለማስተርጐም ነው፤ ለዚህኛው ግን ሕዝብ ነው የሾማቸው።

ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ ወጣት ሳሉ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። እዚያም የጭልጋ ስደተኞችን ልጅ ወይዘሮ ታየችን አግብተው ልጆች ወለዱ። ነጻነት ሲመለስ የመተማ ኬላ አረብኛ የሚያውቅ ሰው ፈለገና ተቀጠሩ፤ ቤታቸው ግን እዚያው ጋላባት ቀረ። በየማለዳው ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው የወሰኑን ወንዝ ይሻገራሉ፤ የዚያ ዳሩን ዘበኛ በአረብኛ፣ የዚህ ዳሩን በአማርኛ እንደምን አደርህ ይላሉ። ማታ ደግሞ በዚያው ይመለሳሉ። እኔ በኬላው ጸሐፊ ሳለሁ፣ «አያ ይርዳው፣ ከሁለቱ አንዱን አገር ምነው አይመርጡ?» እያልሁ እቀልድባቸው ነበር። «ቤቴ እዚያ፣ እንጀራዬ እዚህ፣ እናቴ ቁስቋም። እስቲ አንተ ምረጥልኝና ሄደህ ለእናቴ ንገራት» ይሉኛል።

ታዲያ ሁለት አገር የሚውል ሰው የሁለት አገር ወሬ ይደርሰዋል። ወደ ገዳሪፍ ለጥጥ ለቀማ የወረደ የደጋ ሰው ቤተ ዘመድ ቢሞትበት፣ ወገኖቹ የሚልኩት ወደ እሳቸው ነበር። መርዶ በሜዳ አይነገርም፣ ለብቻው ላለ ሰውም አይነገርም፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ይህንንስ ሁላችንም እናውቃለን። የእሳቸው ልዩ ነገር ዋዜማው ላይ ነው፦ ሰውየውን ማታ ራት ሳያበሉ አያሳድሩትም። «ነገ እህል አይወርድለትም። ለቅሶ ጉልበት ይፈልጋል፤ ሰው በባዶ ሆዱ አታስለቅሱብኝ» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ከገዳሪፍ የሚመለስ የጭልጋ ሰው ኬላው ደረሰ። አባቱ መሞታቸውን እኛ እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም። ለአባቱ የገዛላቸውን ጫማ ከቦርሳው አውጥቶ፣ «ይበቃቸው ይሆን?» ብሎ ጠየቀን። እኔ አቀረቀርሁ። አያ ይርዳው ግን ጫማውን ተቀብለው አገላብጠው አዩና «ሸጋ ነው» አሉት። ወዲያው ፈቃድ ጠይቀው አብረውት ተሳፈሩ። አጎቱ ኋላ እንዳጫወቱኝ፣ ማታ ከጎኑ ተቀምጠው እየቀለዱ እያጎረሱ ራት አበሉት፤ ሲነጋ ሽማግሌዎቹ ሲገቡም እጁን ይዘውት ነበር። ከጭልጋ ሲመለሱ ዐይናቸው አብጦ፣ «ያን ጫማ ምነው ባላየሁት!» አሉኝ።

አሁን እሳቸው ራሳቸው ሞቱ! የጋላባት ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ቃሬዛቸውን ተሸክመው እስከ ወንዙ አደረሷቸው፤ የመተማ ሰዎችም ከዚያ ተቀብለው ከቤተ ክርስቲያን ቀበሯቸው። ቁስቋም ላሉት እናታቸው ለእማሆይ ትርንጎስ ማን ይንገር? መርዶ ነጋሪው ሞቶ መርዶው በማን ይነገር? ወይ ጉድ! የሰፈሩ ሽማግሌዎች ለማለዳ ተቀጣጠሩ፤ ዋዜማው በእኔ ላይ ወደቀ።

አመሻሽ ላይ ሄድሁ። እኔ ደግሞ ሰው ማብላት የት አውቄ! ስለ ጤፉ፣ ስለ ዝናቡ ቀባጠርሁ። ራት ሲቀርብ ጠቅልዬ ላጎርሳቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ጠግቤያለሁ፣ ልጄ» አሉ።

«ኧረ እማሆይ፣ በሞቴ!» አልሁ። ምን ልበል? አፌ የለመደው እሱን ነው።

እማሆይ ዐይን ዐይኔን አዩኝ። «ወንድሜ የሞተ ጊዜ ይርዳው ከመተማ ድረስ መጥቶ እንዲሁ በሞቴ እያለ አጉርሶኝ ነበር» አሉ። ልናገር አፌን ስከፍት፣ «ተው፣ አሁን አትንገረኝ» አሉኝ። «ይንጋ። ልጄ ያቆመውን ደንብ እኔ አላፈርስበትም።» ከዚያ ጉርሻውን ተቀበሉ። ሁለተኛም ደገሙ። እያኘኩ ዕንባቸው ይወርዳል፤ ግን አላቆሙም። ሰው እንዲህ ሲበላ አይቼ አላውቅም።

ማለዳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስንገባ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ቁጭ ብለው ይጠብቁናል። መርዶው ሲነገራቸው ገና አሁን እንደ ሰሙ ሁሉ ጮኹ። ቁስቋም ሁሉ ሰማ።

አያ ይርዳው፣ ለሰው ሁሉ ቀስ ብለው ነግረው፣ እኛን እንዲህ በድንገት! ተቀይሜዎታለሁ። ሰኔ ላይ ደህና ሰንብት ሲሉኝ እንደ ዋዛ ነበር የሰማሁት። ወይዘሮ ታየችንና ልጆቹን ወርጄ እጠይቃለሁ፤ ከመተማ ወንዙን ስሻገር ጫማዬን እንደ እርስዎ በእጄ እይዛለሁ። አሁን ሁለት አገር መመላለሱ ቀርቶልዎታልና ይረፉ። ከመሄድዎ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ልብዎ እንዳይንጠለጠል፦ እናትዎ ራታቸውን በልተው ነው ያደሩት።